በመቆለፊያ ኮድ የተነሳው ቡጢ

ዛሬ ሚዛን ከተማ ባለው ቢሯችን ውስጥ በኮምፒውተር ኮድ ምክንያት ደም ፈሰሰ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል!

የቡና ገበሬዎቻችንን መረጃ የሚቆልፈው ኮድ ከኢንተርኔት በነፃ የመጣ ነው። ፕሮግራመራችን አሸናፊ ለእኛ እንዲመች ብሎ ቀያይሮታል። ታዲያ የኮዱ ባለቤቶች ዋናው ላይ ያገኙትን ቀዳዳ ሲጠግኑ የእኛው ቅጂ ሳይጠገን ቀረ።

ባልደረባው ታሪኩ "ቀዳዳ አለው አላልኩም?" ብሎ መረጃውን ሁላችን ፊት ያለቁልፍ ከፈተው።

አሸናፊ ታሪኩን አፍንጫውን በቡጢ አለው! ኪቦርድ አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ ሰበረበት። ደሙ አዲሱ ነጠላዬ ላይ! (እሱን ማን ይጠግነው?)

ወንበር ሲያነሳ "ኧረ በማርያም፣ ገደልከው!" ብዬ መሃል ገባሁ።

ታሪኩ ደሙን እየተፋ "ምታኝ፤ መጀመሪያ ግን ቀዳዳውን ድፈነው" አለው።

አሸናፊ ወንበሩን አወረደና ተቀምጦበት ሥራ ጀመረ።

ማምሻውን ታሪኩ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወትፎ መረጃውን ያለቁልፍ ለመክፈት ደግሞ ሞከረ። አልከፈትም አለ! እልልታዬ ጎረቤታችን አማን ከተማ ድረስ ተሰምቷል።

እናንተስ ቢሮ በምን ተፈነካከታችሁ? እስቲ አውሩኝ።