ግልባጭ ለሁሉም

ኮምፒዩተር ሲመጣ ወረቀት ይቀራል የሚሉ ሰዎች ቢሮ ገብተው አያውቁም። ክልሉ ገና ክልል መሆንን በሚለማመድበት ጊዜ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አርቃቂ ነበርኩ። ኢሜይል ሲመጣልን እናትመዋለን፤ ማኅተም መትተን ቁጥር እንሰጠውና መዝገብ ቤት እናስገባዋለን። ቁጥር የሌለውን ነገር መጣ ብሎ የሚያምን አልነበረም።

ኮምፒዩተሩ አንድ ነው፤ የሚገኘውም በጸሐፊዋ ክፍል። ከስልኩ ጋር የሚገናኘው ጠዋት ጄኔሬተሩ ሲነሳ ነው። ጸሐፊዋ የከተማው ተወላጅ ናት፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራኑን ትመራለች፤ አጎቷ በድንበሩ ከተማ በማታር ይነግዳል፤ ግማሽ ዘመዷ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ነው። አማርኛዋ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ለሁሉም «አንተ» ትል ነበር። ከደገኛው «እርስዎ» ውስጥ ያላገኘሁትን አክብሮት እዚያ አግኝቻለሁ።

አንድ ሰኞ ጠራችኝ። አዲስ ኢሜይል መጥቷል፤ በእንግሊዝኛ «የጠየቃችሁት ሰነድ ይኸው» ይላል፤ ፋይል ተያይዞበታል።

«እኔ ምንም አልጠየቅኩም» አለች። «አንተ ጠይቀሃል?»

አልጠየቅኩም። አዲስ አበባ ያለው የቴክኒክ ባለሙያ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ሳትከፍቱ አሳውቁኝ ብሎ ጽፎልን ነበር። እሷም አልከፈተችውም። ለእሱ ብቻ መላክ እንደሚበቃ ነገረችኝ። እኔ ግን ያኔም ከሁለት መንግሥታት ጋር የኖርኩ አርቃቂ ነበርኩ። «ጉዳዩ፦ አጠራጣሪ ኢሜይልን ስለማሳወቅ» ብዬ ጀመርኩ፤ ኢሜይሉን ከነፋይሉ አባሪ አደረግኩት፤ ከግርጌ ደግሞ ለክልሉ ቢሮዎችና አድራሻ ላላቸው ድርጅቶች ሁሉ ግልባጭ አዘዝኩ። መቲ ከተማ ያሉት ቢሮዎች ኢሜይል ስላልነበራቸው ለእነሱ የሚላከው ታትሞ በመኪና ይሄዳል።

«በሽታ ከሆነ ለሁሉ ለምን እንልካለን?» ስትል ጠየቀች።

ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ የግል ወሬ ነው አልኳት። ኃላፊው መስክ ወጥተው ስለነበር በእሳቸው ፈንታ ፈረምኩ። እሷም ላከችው።

እስከ ረቡዕ የግማሹ ከተማ ኮምፒዩተር ቆመ። ከማያውቁት ሰው ቢመጣ ኖሮ የማይከፍቱት ሰዎች ቁጥርና ማኅተም ካለው መሥሪያ ቤት ሲመጣላቸው አባሪውን ከፈቱት። ከግልባጮቹ ሁሉ ማንንም ያልጎዳው የመቲው ወረቀት ብቻ ነበር።

ኃላፊው ሐሙስ ተመለሱ። የቴክኒክ ባለሙያው ደውሎላቸው፣ መስመሩ ከመቆረጡ በፊት የሰሙት «ቫይረሱ የወጣው ከእናንተ ማሽን ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ለእሳቸው በቂ ነበር። ጠሩኝና ጸሐፊዋ ከማዶ ከመጡ ዘመዶቿ ዲስኬት ተቀብላ እንደምታስገባ ጥርጣሬ አለ አሉ። ማን እንደጠረጠረ አልተናገሩም። ከሥራ የምትታገድበትን ደብዳቤ እስከ ምሳ አዘጋጅ አሉኝ።

ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ሰው በዚህ ሰዓት ይናገራል። እኔ ግን «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ረቂቁን የሚተይበው ደግሞ እሷ ናት። ሌላ ታይፒስት የለንም። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ መተየብ ጀመረች። ስሟ ላይ ስትደርስ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መታቻቸው። ያንን ቆሜ መስማት ነበረብኝ። ከዚያ ግርጌ ደርሳ አቆመች።

«ግልባጩ ለማን ነው?»

ሰዓቴን አየሁ።

«እኔ ብናገር ዘመዶቿ ማዶ ናቸው ይላሉ» አለች ስክሪኑን እያየች። «አንተ ብትናገር አርቃቂው ተናገረ ይላሉ። ምሳ ሰዓት ሊደርስ ነው።»

ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የሰኞውን ደብዳቤ ቀሪ ቅጂ አወጣሁ። በቢሮ ወግ ከግርጌው በግራ በኩል ያረቀቀውና የተየበው ሰው ምልክት ይቀመጣል፤ የእኔ ከፊት፣ የእሷ ከኋላ። ከላዩ ደግሞ ፊርማዬ አለ። ብዙ ጊዜ የተሳለቅኩበት ወግ ነው። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና ለሁሉም ያስላክኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ለባለሙያው ብቻ ይበቃል ብላኝ ነበር፣ ፋይሉንም አልከፈተችውም አልኩ።

አነበቡት። ግልባጮቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«ጠዋት ስነግርህ ይህ ወረቀት የት ነበር?»

«መዝገብ ቤት።»

«አንተስ?»

የእገዳው ደብዳቤ ተቀደደ። በምትኩ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታዘዘ፤ አርቃቂው እኔው፣ ተያቢዋ እሷው። ስለ ራሴ የጻፍኩት ረቂቅ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ምናልባት ካረቀቅኩት ሁሉ የተሻለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ግልባጭ ለመቲ ልላክ?» አለች። «እነሱ አሁንም እኛን ያምናሉ።»

በአንድ ቅጂ ብቻ አተመችውና ማኅተሙን ሳትመታ ሰጠችኝ። ማኅተሙን ለማስመታት ራሴ መዝገብ ቤት ሄድኩ።