ምንጩ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

ዛሬ አንዲት የውኃ ባለሙያ ደጄ ላይ ቆማ «አባባ፣ ውኃ ቀድቶ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ።

ዝናቡ ከተዛባ ወዲህ በእኛ በዳባት በኩል ያሉ ምንጮችና ወንዞች ምን ያህል እንደጎደሉ እሷና ባልደረቦቿ ሊያጠኑ መጥተው ነው። ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር የሚወሰነውም በዚሁ ነው አሉን።

ከዓመታት በፊትም ተጠይቄ ነበር። አባወራ ነኝና ደረቴን ነፍቼ «ቅርብ ነው፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው» አልኩ። ባለቤቴ እንስራዋን እንዳዘለች ከኋላዬ ቆማ ሰማችኝ። መንገዷን ወደ ምንጩ ቀጠለች። ጉድጓዱም ለሌላ መንደር ሆነ።

እኔ እንደሆነ አንድም ቀን ቀድቼ አላውቅም። ውኃው እዚያው እንስራው ውስጥ የሚፈልቅ ይመስለኝ ነበር መሰል።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምቀዳው እኔ ነኝ። በበጋ ምንጩ ሲነጥፍ ወንዙ ድረስ ገደል መውረድ ነው። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ስወርድ አንዴ፣ ስወጣ ሁለቴ እደግማለሁ። ያኔም እንዲሁ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኋት።

«ሦስት ሰዓት» አልኳት ለባለሙያዋ።

ጎረቤቴ አለሚቱ «ሩብ ሰዓት ያሉት እርስዎ አልነበሩ እንዴ? በክንፍ ነበር?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ሳላውቅ ነው የመለስኩት፣ እቴ። ከእኔ ይልቅ አንቺን ትጠይቅ» አልኳት። ባለሙያዋም ወረቀቷን ይዛ ወደ አለሚቱ ዞረች።

እግዜር የባለቤቴን ነፍስ ይማር፤ እኔንም ይማረኝ።

ባለቤታችሁ በሕይወት ያለችላችሁ ወንድሞቼ፣ እስቲ ዛሬ ማታ ድካሟን ጠይቋትና የነገረቻችሁን ጻፉልኝ።