ካሴት የዋጠው ኦርጋን

ባጃጅ ውስጥ ያ «ዱም፣ ታክ» የሚል የማሽን ከበሮ በሰማሁ ቁጥር፣ የቤታችን ኦርጋን ሲሞቅ የሚሸተው የፕላስቲክና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል፤ ጥርጣሬዬም አብሮት ይመጣል።

አባቴ ነገሌ ውስጥ መምህር ነበር፤ ዝናቡ አቁሞ ሠርግ ሲበዛ ደግሞ፣ እኛ ኦርጋን የምንለውን ሲንተሳይዘር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እየተሸከመ ሠርግ ቤት ይጫወት ነበር። ሰው ጣቱን ሲያደንቅለት እኔ በኩራት ልፈነዳ እደርስ ነበር። አንድ ቀን ግን እሱ በሌለበት አንዱን ቁልፍ ጫን ባደርገው፣ ኦርጋኑ ብቻውን ሙሉ ዜማ ከነከበሮው አንቆረቆረው። ክው አልኩ። ከዚያ ወዲያ አባቴን ማመን አቃተኝ፤ ሲጫወት ፊቱን ትቼ ጣቶቹን እሰልል ነበር፣ እናቴ «ምን ታፈጥጫለሽ?» ስትለኝም ለእሷ እንኳ ትንፍሽ አልኩም።

በበጋው አሬሮ የሚባል አገር ሠርግ ተጠራና ይዞን ሄደ። የሙሽራዋ አባት ኦቦ ጃርሶ ለካ እንደኔው ተጠራጣሪ ኖረዋል፤ ኦርጋኑን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «አካም መምህር፣ ናጋ? ይሄ ሳጥን ካሴት ውጧል ይላሉ። የምትጫወተው አንተ ነህ ወይስ እሱ?» አሉት። ሰው ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አንቱ የፈለጉትን ይዘዙኝ፣ ኦቦ» አለ አባቴ።

ሽማግሌው፣ ኤላ ከሚሉት ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ ከብት ሲያጠጡ የሚያዜሙትን፣ ለገዛ ላማቸው ያወጡትን ዜማ ጀመሩ። አባቴ ከበሮውን አጠፋ፣ ጆሮውን ሰጠ፣ በአንድ ጣቱ እየዳበሰ ፈለገው፤ ሳተ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሳተ፣ ላቡ ቁልፎቹ ላይ ጠብ አለ፣ ከዚያ አገኘው። ጎረምሶቹ ኤላው ውስጥ የቆሙ ይመስል ተቀበሉት፤ አንዱ እንግዳም በቴፕ ይቀዳ ነበር።

«የሚሳሳት ካሴት የለም» አሉ ኦቦ ጃርሶ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጥለው፣ «ሰውዬው ራሱ ነው!»

አለቀስኩ። አባቴ ተመለሰልኝ።

ዛሬ አባቴ በሕይወት የለም። የታናሽ ወንድሜ አዲስ ሲንተሳይዘር የማያወጣው ድምፅ የለም፣ ክራር ቢሉት ክራር፣ ዋሽንት ቢሉት ዋሽንት ነው። በቀደም ያን የሠርግ ቅጂ እዚያ ውስጥ አስገብቶ አሰማኝ፤ ጥርት ብሏል። አባቴ የሳተባቸው ሁለቱ ቦታዎች የት እንደገቡ ብጠይቀው፣ «አስተካከልኳቸዋ!» አለኝ ደስ ብሎት። ደግሜ አዳመጥኩት። ዜማው ያው ነው፤ የሚጫወተው አባቴ መሆኑን ግን እንደገና ጠረጠርኩ።