አንድ እጅጌው የረዘመ ሹራብ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። ሃያ ምናምን ጥንድ ጫማ በግድግዳው ሥር ተደርድሯል፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ላብ፣ በርበሬ፣ የልብስ ሳሙና። ሰዎቹን ያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሽበታም ሰውዬ ከመስኮቱ ሥር ቀና አሉና፣ «ጫማህን አውልቅ መምህር፤ ይኼ ቤት ነው» አሉኝ።

መምህር መሆኔን ማን እንደነገራቸው ጠየቅኳቸው።

«ሲያስገቡህ ፖሊሱን ‹አትጋፋ› ስትለው ሰማሁ። እዚህ ገብቶ እንደዚያ የሚል መምህር ብቻ ነው።»

የተያዝኩት ሳሊተ ምሕረት፣ ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ፣ በጠዋቱ ነው። ሁለት ትሑት ወጣቶች «ለአጭር ጥያቄ ነው» አሉኝ። አጭሩ ጥያቄ ሰባት ወር ፈጀ። ምክንያቱ ስልኬ ላይ የጻፍኩት አንድ ገጽ ጽሑፍ ነበር። ስለ ጽሑፉ ብዙ አላወራም፤ አሁን ሳነበው የሚያናድደኝ የነጠላ ሰረዙ አጠቃቀም ነው።

ክፍሉ በቦሌ በኩል ስለነበር አውሮፕላን በላያችን ያልፋል። ስንት ዘመን እዚያው ሰፈር ስኖር ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ እዚያ ግን ሥራችን ሆነ። «ይኼ ከዱባይ ነው» ይላል አንዱ። «የለም፣ የጭነት ነው፤ ሆዱ ከብዶታል» ይላል ሌላው። ማንም አያጣራ፣ ማንም አይሸነፍ። ሰው እስር ቤት ይናፍቀኛል ሲል ይታዘቡታል፤ እኔ ግን ያንን ክርክር እናፍቀዋለሁ፤ አልዋሽም።

ሽበታሙ ሰውዬ የክፍሉ ካቦ ነበሩ፤ እስረኛው ራሱ የመረጣቸው ኃላፊ። ውጪ ሳሉ ገርጂ ሱቅ ነበራቸው። ሕጉን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አዲስ ገቢ በር አጠገብ ይተኛል። ሰው በተፈታ ቁጥር አንድ ፍራሽ ወደ ውስጥ ትጠጋለህ፤ የመጨረሻው ማዕረግ መስኮቱ ሥር ነው። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ እንዲህ ነው፤ የሚፈታ ሰው ዕቃውን ለቀሪዎቹ አድሎ ነው የሚወጣው። ብርድ ልብሱን፣ ሰሃኑን፣ ነጠላ ጫማውን። ይዞ መውጣት ነውር ነው፤ ይመልስሃል ይባላል። ስለዚህ አንድ ሰው ዕቃውን ማደል ሲጀምር ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለዋል።

በገባሁ በሦስተኛው ወር አንድ ልጅ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ወታደር ነው፤ ፈቃድ ወጥቶ ወደ ጦር ክፍሉ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ጎሮ እህቱ ቤት ተያዘ። የጦር ክፍሉ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ እኛ ዘንድ አስቀመጡት። ፍራሹ በር አጠገብ፣ ከእኔ ቀጥሎ ሆነ። ጫማውን እንደ መሥመር አስተካክሎ ያስቀምጣል፣ «ደህና አደሩ ጋሼ» ይለኛል፤ በቃ። አውሮፕላን ሲያልፍ ሁላችን ስንከራከር እሱ ግድግዳውን ያያል። እኔም ጨዋ ነው ብዬ ወደድኩት። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ዝም የሚል ተማሪ ስወድ ነው የኖርኩት፤ ስንቱን እንዳለፍኩት እግዜር ይወቅ።

እህቱ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። እሑድ እሑድ ምግብ ታመጣለች። አንድ እሑድ በገዛ እጇ የሠራችውን ሰማያዊ ሹራብ ላከችለት። ቀኑን ሙሉ በማሽን ስትሰፋ የምትውል ሴት፣ ለእጅ ሥራ ግን እግዜር አልፈጠራትም፤ የግራው እጅጌ ከቀኙ አንድ ጣት ይረዝማል። ልጁ ሹራቡን አንዴ ለብሶ አጣጥፎ ትራሱ ሥር አኖረው።

በሳምንቱ ማደል ጀመረ። ሰሃኑን ለአንዱ፣ ነጠላ ጫማውን ለሌላው፣ ብርድ ልብሱን ሳል ለያዘው። ክፍሉ በደስታ ተነሣ። «እንኳን ደስ ያለህ!» ተባለ፤ አንዱ ትከሻውን መታው፣ አንዱ ስልክ ቁጥር አስያዘው። ሹራቡን ለእኔ ሰጠኝ።

«ለሠርግህ ጥራኝ እንግዲህ» አልኩት።

ፈገግ አለ። ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። ያንን ሌሊት ሞቆኝ አደርኩ። ይኼን ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ጠዋት ለፀሐይ ስንወጣ አሥር አለቃው የምንለው እስረኛ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ከሠራዊት ከወጣ ቆይቷል፤ ሲያዝ የሕንፃ ጥበቃ ነበር። ቀልደኛ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ሹራቡን ማን ሰጠዎት?»

«ልጁ ነዋ። ሊፈታ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

«እሱስ ብሏል?»

 እውነትም እሱ አላለም።

«ጋሼ፣ ከጦር ክፍሉ ጠፍቶ የተያዘ ወታደር ከዚህ አይፈታም። መኪና መጥቶ ይወስደዋል እንጂ። ታዲያ ዕቃውን የሚያድለው ወዴት ሊሄድ ነው?»

 አሥር አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ሠራዊት ሳለ ለጥቂት ቀን አንድ ሥልጠና ወስዶ ነበር፤ ወታደር ጓደኛውን እንዲጠብቅ የሚያስተምር፣ ከጠላት ሳይሆን ከራሱ። አዳራሹ ስለሚሞቅ ግማሹን አንቀላፍቶበታል። የሰማው ግን አልጠፋበትም፤ የሚወደውን ዕቃ የሚያድለውን እይ፣ ሲተክዝ ከርሞ በድንገት የሚረጋጋውን እይ፣ በቀጥታ ጠይቀው፣ ብቻውን አትተወው፣ ሊረዳው ለሚችል ሰው አድርሰው። ሥልጠናውን በጨረሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የቅርብ ጓደኛው ሬዲዮኑን ሰጠው።

«ገብቶኝ ነበር» አለ አሥር አለቃው። «መጠየቅ አፈርኩ። ወንድ ልጅ በሆዱ ነው የሚያለቅሰው እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን። በነጋታው ጓደኛዬ የለም። ሬዲዮኑን እስከ ዛሬ ከፍቼው አላውቅም።»

«እና አንተ ጠይቀዋ።»

«እኔን ሲያይ የሚታየው ማዕረግ ነው፤ ተነሥቶ ቀጥ ይላል። ሥልጠናው ላይ ሰው የሚሰማው የእኩያውን ነው ብለውናል። እዚህ ደግሞ በር አጠገብ አብሮት የሚተኛው እኩያው እርስዎ ነዎት። ሹራቡንም ለእርስዎ ነው የሰጠው።»

«ጠይቄው ያላሰበውን ባሳስበውስ?»

«አያሳስቡትም። ካሰበ ቆይቷል፤ የሚጠይቀው ነው ያጣው። ደግሞ ጋሼ፣ አይዞህ እንዳይሉት። አይዞህ ካሉት ‹እሺ› ብሎ አፉን ይዘጋል፤ አለቀ። መጀመሪያ ይስሙት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት በሕይወቴ ከፈተኑኝ ሰዓቶች አንዱ ነው።  ሰው ሁሉ ለውኃ ሲሰለፍ ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ፤ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አሥር አለቃው ከሩቅ ያየኛል። አፌን ከፈትኩና፣ «ቁርስ በላህ?» አልኩት።

«በልቻለሁ ጋሼ።»

እንዳልበላ ግን ፊቱ ያስታውቃል።  ተነሥቼ ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ እጄን ሳየው ረጅሙ እጅጌ መዳፌን ሸፍኖታል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር በቀጥታ ልጠይቅህ ነው። ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?»

አውሮፕላን መጣ። እስኪያልፍ ድረስ አላየኝም። 

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ሹራቡ።»

ራሱን ዝቅ አደረገ። «አስቤያለሁ» አለ።

ምላሴ ላይ «አይዞህ» ተቀምጦ ነበር፤ ዋጥኩት። ልጁ ቀስ በቀስ ተናገረ። አብረውት የሠለጠኑትን ልጆች ስም ጠራ፤ ግማሾቹ የሉም። ማታ አይተኛም። እናቱ ፎቶውን በዩኒፎርም ግድግዳ ላይ ሰቅላለች፤ ያቺን ፎቶ እያሰበ ወደ ቤት መሄድ አልቻለም፤ ወደ ጦር ክፍሉ መመለስም አልቻለም። ሸክም የሆነባትን እህቱን መገላገል ነው የፈለገው። እሷ ደግሞ ሹራብ ሠራችለት፤ ያ ነው ያስለቀሰው። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ። ዝም ብሎ መስማትን የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ በስተርጅና።

ሲጨርስ ሹራቡን አውልቄ ጭኑ ላይ አኖርኩት።

«ይኼን የምቀበልህ በወጉ ስትወጣ ነው። አሁን ያንተ ነው።»

«ይበርድዎታል ጋሼ።»

«ይብረደኝ።»

ከዚያ ምስጢር እንዳደርገው ለመነኝ። «ሌላውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው፤ ይኼን ግን ብቻዬን አልይዝም» አልኩት። ተቆጣኝ፤ እኔም ተቆጣሁ። ሆኖም ተከትሎኝ ወደ ካቦው መጣ።

ካቦው ሰሙና፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ። ተረኛውን መኮንን ስለለመኑለት በማግስቱ የጤና ባለሙያ መጣለት፤ እህቱም በሥራ ቀን እንድትገባ ተፈቀደላት። ከዚያ ካቦው የራሳቸውን ፍራሽ ጠቅልለው ተነሡ። በስንት ወር ያገኙትን የመስኮት ሥር ቦታ ለልጁ ለቀቁና በር አጠገብ፣ የአዲስ ገቢ ቦታ ላይ አነጠፉ።

«ምነው አባባ?» አላቸው አንዱ።

«ወገቤን ያመኛል። በር አጠገብ አየር አለ» አሉ። በር አጠገብ ያለውን አየር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም አልሳቀም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ከአሥር አለቃው ጋር ካርታ እየተጫወተ ሳለ፣ ሳል ያለበት ሰውዬ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ፍራሹ ላይ አስቀመጠለት። ቀጥሎ ሰሃኑ መጣ። ቀጥሎ ነጠላ ጫማው፣ ታጥቦ። ማንም አልነገራቸውም፤ በቃ መለሱ። ልጁ ዞር ብሎ ሲያይ ካርታው ከእጁ ወደቀ። አለቀሰ፤ በሆዱ አይደለም፣ በድምፅ። አሥር አለቃውም አብሮት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን አልዋለም፤ ተራ ገባንለት፣ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ተራ መሆኑን ያወቀ አይመስለኝም።

የጦር ክፍሉ መኪና ሲመጣ የሕክምና ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር። የጤና ባለሙያው ጽፎለት፣ ካቦው ሦስት ጊዜ አስነብበውት። በሩ ላይ ቆሞ ሹራቡን አወለቀና ሰጠኝ።

«አሁን በወጉ ነው ጋሼ።»

ለበስኩት። ስፈታም ሕጉን ጣስኩ፤ ሌላውን ሁሉ አድዬ ሹራቡን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ከተፈታሁ ቆየሁ። ልጁም ታክሞ በወጉ ከሠራዊት ተሰናበተ፤ ቦሌ ለሚ የሠራተኞች አውቶቡስ ይነዳል። እሑድ እሑድ ይደውልና «ሹራቧ እንዴት ናት?» ይለኛል። «አለች» እለዋለሁ። ወሬያችን ከዚያ ነው የሚጀምረው።

እኔ ወደ ማስተማሩ አልተመለስኩም። ያለፈው ክረምት ባለቤቴ እህቷ ዘንድ ሄዳ ሳለች፣ ቤቱ ጠበበኝ አልኩና መጻሕፍቴን በካርቶን አሰርኩ። የሚፈልግ ይውሰድ ብዬ ለልጁ ደወልኩ። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ፣ በግድግዳው ሥር አስተካክሎ ገባ። ካርቶኖቹን አየ፣ ባዶውን መደርደሪያ አየ፣ እኔን አየ። ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ በቀጥታ ልጠይቅዎት ነው» አለ። «ራስዎን ለማጥፋት እያሰቡ ነው?»

ልስቅ ነበር። አልሳቅኩም። ከተፈታሁ ወዲህ ሰው ሁሉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» እና «አይዞህ» ነው ያለኝ፤ የጠየቀኝ የለም።

«እስከዚያ አልደረስኩም» አልኩት። «ደህና ግን አይደለሁም።»

«እሺ» አለ። «ይንገሩኝ።»

ነገርኩት። እስኪመሽ ድረስ አይዞህ አላለኝም። በነጋታው ሐኪም ቤት አብሮኝ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ካርቶኖቹን ፈትቶ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው መለሳቸው፤ ታሪኩን ከሒሳብ፣ ሰዋስውን ከጸሎት መጽሐፍ ጋር ቀላቅሎ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልችልም፣ ዓይኔን ያመኛል። እስከ ዛሬ ግን አላስተካከልኳቸውም።