ራሷን የሰፈረችው ሠርክአዲስ

ሠርክአዲስ ጣሰውን መቐለ ውስጥ መለየት ቀላል ነው። በጠራራ ፀሐይ ወፍራም ሹራብ ለብሳ፣ ጸጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታ የምትሄድ ሴት ካያችሁ እሷ ናት። ሹራቡ ከደብረ ብርሃን አብሯት የመጣ ልማድ ነው፤ እርሳሱን ግን ረስታው ነው። ከዓዲ ሓቂ፣ ከተከራየችበት ቤት፣ እስከ ኮሌጃችን በእግሯ ስትመጣ የመንገዱ ሰው ሁሉ ሰላም ይላታል፤ እሷም በትግርኛ ትመልሳለች። ትግርኛዋ ጥርስ አያስከድንም። ሳቁብኝ ብላ ወደ አማርኛ ስትሸሽ ግን አንድም ቀን አላየኋትም።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ አንድ ቢሮ ከተጋራን ዓመታት አልፈዋል። የኮሌጃችንን ስም አልጠራም። ትንሽ ነው፤ ዓዲ ሓቂ ካለው ትልቁ ግቢ ጋር እንዳታምታቱት ብቻ።

እሷ የምታስተምረው ሒሳብ ነው፤ ሐኪሞቻችን ግን እንደ ጎረቤት ወንፊት ይዋሷታል። «ሠርኪ በናትሽ፣ ይህችን ቁጥር እይልኝ» እያሉ የሕሙማን መረጃ ያመጡላታል። ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ ታሰላላቸዋለች፤ ጽሑፉ ሲታተም ስሟ ከብዙዎቹ ስሞች መሐል ይገባል። ስለ ወባና ስለ እናቶች ደም ማነስ የወጡት እነዚያ ጽሑፎች በሌሎች ተመራማሪዎች መቶ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ተጠቅሰዋል። የራሷ ሥራ ሌላ ነው። አንድ ሙሉ ቁጥር በስንት መንገድ ሊከፋፈል እንደሚችል የሚመረምር፣ ብቻዋን አራት ዓመት የለፋችበት አንድ ጽሑፍ አላት። ከአራቱ ዓመታት ግማሹ መብራትም ኢንተርኔትም ያልነበረበት ጊዜ ነው፤ የተማሪ ፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የሠራችው። ያንን ጽሑፍ የጠቀሱት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ቬትናም ያለ ሰው ነው፤ መጠቀሷን ያወቀች ዕለት ቢሮው ውስጥ እልልታዋን ስታቀልጠው ጥበቃው ሮጦ መጣ።

አምና የዕድገት ኮሚቴያችን አዲስ ሕግ አወጣ። የማዕረግ ዕድገት የሚጠይቅ መምህር ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን የቋንቋ መምህር፣ በአንድ ቁጥር ይለካ ተባለ። ቁጥሩ ኤች-ኢንዴክስ ይባላል፤ አሥር ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው አሥር ያገኛል ማለት ነው። ኮሚቴውን የሚመሩት ፕሮፌሰር ስብሓት ሐኪም ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «እገሌን አሳልፍልኝ» የሚል ስልክ ሰልችቷቸው ነው። «ቁጥር ደውሎ አይለምነኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

በዚያ ዙር ማመልከቻ ካስገቡት አንዷ ሠርክአዲስ ነበረች። ሐኪሞቹ ይመስገኑና ቁጥሯ ከተፈለገው በላይ ነው። ሌላው መምህር ገብረሃንስ ናቸው። መምህር ገብረሃንስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለቅሶ ግጥም የሰበሰቡ ሰው ናቸው፤ አልቃሾች ለሟች የሚያወርዱትን ግጥም ከየገጠሩ በካሴት ቀድተው አንድ ቁምሳጥን ሞልተዋል። ጡረታቸው ደርሷል። ተባባሪ ፕሮፌሰር ከሆኑ በኮንትራት ቆይተው ካሴቶቹን ወደ ጽሑፍ ይመልሳሉ፤ ካልሆኑ ቁልፋቸውን አስረክበው ይሄዳሉ። ከሳቸው በቀር የካሴቶቹን ድምፅና መንደር ለይቶ የሚያውቅ የለም። ቁጥራቸው ሁለት ነው። ሁለት!

የሁሉንም አመልካች ቁጥር በሰንጠረዥ እንድታወጣ የታዘዘችውም ሠርክአዲስ ናት። የኛ ቤት ነገር እንዲህ ነው፤ ማስላት የሚችል ከተገኘ ሁሉም እሱ ላይ ይጫናል። የገብረሃንስን ቁጥር ስታይ ፊቷ ቅጭም አለ፤ እርሳሷን ከጸጉሯ ነቅላ ወደ ቢሯቸው ሄደች። እኔም ነገር ስለምወድ ተከተልኳት።

«ኣያ ገብረሃንስ፣ የእርስዎን ሥራ የሚጠቅሰው ማነው?» አለቻቸው፣ ታላቅ በሚከበርበት የትግርኛ መጠሪያ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ የኔን ሥራ የሚጠቅሱት መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎችና ተመራቂ ተማሪዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሉም» አሉና ሳቁ። «አልቃሾቹ ቢሰሙ ግን ይስቁብናል። አንዲት አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምትጠይቀው ሟቹ ሥራው ምን ነበር ብላ ነው። ገበሬ ከሆነ በገበሬ ወግ ታወድሰዋለች፣ ቄስ ከሆነ በቄስ። ገበሬውን ቅኔ አላወቀም ብላ አታዋርደውም።»

ሠርክአዲስ «ይህን የጻፉበት ቦታ አለ?» ብላ ጠየቀች፤ ጽሑፉን ተውሳ ወጣች። የሚቀጥሉትን ሳምንታት ደብረ ብርሃን እናቷ ዘንድ ልትሄድበት የያዘችውን ዕረፍት ሰርዛ ቤተ መጻሕፍት ገባች። የመመረቂያ ጽሑፎችንና መጻሕፍትን አንድ በአንድ እየገለጠች የገብረሃንስን ስም ፈለገች። ስትመለስ ሹራቧ አቧራ ለብሶ ዓይኗ ደም መስሎ ነበር፤ «በየቦታው አሉ!» አለችኝ።

ሕጉ ይለወጥ ብላ ልትከራከር መሆኑ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴት፣ ያንቺ አልፏል። ዝም ብለሽ ውሰጂ!» አልኳት። እሷ እርሳሷን አንሥታ ማስላት ጀመረች።

ስብሰባው ላይ ክፍላችንን ወክዬ ተቀምጬ ነበር። ሠርክአዲስ ሰንጠረዡን ከማቅረቧ በፊት ሰሌዳው ላይ የሁለት መምህራንን ቁጥር ጻፈች። የመጀመሪያዋ ብዙ ጽሑፍ አላት፣ ከመቶ ጊዜ በላይ የተጠቀሱ ሞልተዋል። ሁለተኛዋ አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት ጥቅስ።

«ማንን ታሳድጋላችሁ?» አለች።

«ይህማ ምን ያጠያይቃል፣ የመጀመሪያዋን» አሉ ፕሮፌሰር ስብሓት። «ሁለተኛዋ ምክር ያስፈልጋታል።»

«ፕሮፌሰር፣ ሁለቱም እኔ ነኝ» አለች። «የመጀመሪያዋ ለሐኪሞች ያሰላሁት ነው። ብዙዎቹን በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የጨረስኩት። ሁለተኛው አራት ዓመት የፈጀብኝ የራሴ ሥራ ነው። ጭንቅላቱ አንድ ነው። በሕክምና የሚጽፈው ሰው ብዙ ነው፣ ጽሑፉ ሁሉ በጥቅስ የተሞላ ነው። የኔን ዓይነት ሒሳብ የሚሠራው በዓለም ላይ ቢሰበሰብ ይህን አዳራሽ አይሞላም። ስለዚህ ቁጥሩ የነገራችሁ የትኛው ሙያ ውስጥ እንደቆምኩ ነው፤ ምን ያህል እንደሠራሁ አልነገራችሁም።»

ከዚያ ሐሳቧን አቀረበች። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሙያ፣ በዚያው ዘመን ከጻፉት ጋር ይመዘን። ብዙ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ጥቅሱ ለጸሐፊዎቹ ይከፋፈል። ኮምፒዩተሩ መጻሕፍትን በማያይበት ሙያ ደግሞ የሙያው ሰዎች ሥራውን ያንብቡት። የገብረሃንስን ስም ያገኘችባቸውን መጻሕፍት ዝርዝርም አያይዛለች። ከወረቀቷ ግርጌ ሐሳቡ የመጣው ከገብረሃንስ የለቅሶ ጥናት መሆኑን ጽፋለች፤ ገጹ ሳይቀር አለ።

ፕሮፌሰር ስብሓት መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ መስፈሪያ አንቺስ የት ትደርሺያለሽ?»

«አላልፍም። ለትንሽ ነው፤ ያንን የሒሳብ ጽሑፍ አንድ ሰው ጨምሮ ቢጠቅስልኝ እደርስ ነበር። ከመምጣቴ በፊት አስልቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ያንቺ ጉዳይ በነበረው ሕግ ይለቅና አዲሱ ከዚያ ይጀምር» አሏት በርኅራኄ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እኔም በልቤ እሺ በይ፣ እሺ በይ እያልኩ ነበር።

«እኔ በአሮጌው፣ እሳቸው በአዲሱ? አይሆንም ፕሮፌሰር። አንድ ዙር በአንድ መስፈሪያ ነው» አለች።

ኮሚቴው አዲሱን መስፈሪያ ተቀበለ፤ የሙያው ሰዎች ሥራቸውን አንብበው ገብረሃንስ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። ካሴቶቹም እሳቸውም ቁምሳጥኑ አጠገብ ቀሩ። ሠርክአዲስ «ለሚቀጥለው ዙር» የምትል አጭር ደብዳቤ ደረሳት። ማታ ከቢሮ ሳንወጣ እናቷ ደውለው «ተሾምሽ ወይ?» ሲሏት «ገና ነው እማዬ» ስትል ሰማኋት፤ አንጀቴን በላችው። ሰው እንዲህ መሆን ይችላል ወይ ብዬ እስካሁን እገረማለሁ።

ከወራት በኋላ ገብረሃንስ አዲስ ጽሑፋቸውን ይዘው፣ ፊታቸው በርቶ ቢሯችን ገቡ። «አንብቢው» አሏት። ስለ አልቃሾች የጻፉት ነው። ገልጣ ገልጣ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ቆመች። ያ የሒሳብ ጽሑፏ ተጠቅሷል። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ የጎደላት አንድ ጥቅስ ይኸው መጣ!

«ኣያ ገብረሃንስ» አለች፣ «ጽሑፌን አንብበውታል?»

«ጀምሬዋለሁ» አሉ ሽማግሌው እንደ ማፈር ብለው። «ከመጀመሪያው ገጽ ግን አላለፍኩም። ሓቂ ንምዝራብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሱም አልገባኝም።»

«እንግዲያ ያውጡት።»

«ጓለይ! የቀረሽ እኮ አንድ ብቻ ነው!»

«ለሱ ነው ይውጣ የምልዎት። እኔ እርስዎን የጠቀስኩት ስለተጠቀምኩበት ነው።»

ተቆጡ። ወረቀታቸውን ሰብስበው፣ በሩን ሳይዘጉ ወጡ። እኔም ተቆጥቼ የዚያን ቀን አላነጋገርኳትም። እሷ ወደ ሒሳቧ ተመለሰች፤ እርሳሱ ግን ለረጅም ጊዜ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።

የገብረሃንስ ጽሑፍ ያለበት መጽሔት የታተመ ዕለት ሁለታችንም የግርጌ ማስታወሻዎቹን አየን። ጥቅሱ ወጥቷል። ገብረሃንስ ቃሏን ሰምተዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በካሴት ከቀዷቸው አልቃሾች ስም ቀጥሎ፣ የምስጋናው አንቀጽ እንዲህ ሲል ያበቃል፦ «ያልተጠቀምኩበትን እንዳልጠቅስ ለከለከለችኝ ለልጄ ለሠርክአዲስ ጣሰው።»

«ምስጋና እኮ አይቆጠርም» አልኳት፤ ንዴቴ አልበረደም ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። ገጹን ቀድዳ፣ ከጠረጴዛዋ መስተዋት ሥር፣ ከእናቷ ፎቶ አጠገብ አስገባችው።