ካርድ ላይ ያልሰፈረው የእትዬ ዘነቡ ሕመም

ይህን እስካለፈው ሳምንት ለማንም፣ ለነፍስ አባቴም ጭምር አልተናገርኩም። አሁን ለእናንተ የምናገረው እንድታጽናኑኝ አይደለም።

ከላሊበላ ቁልቁል ባለ አንድ የቆላ ጤና ጣቢያ ጤና መኮንን ነኝ። እትዬ ዘነቡ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት ያለሙ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እግራቸው ውሃ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ ወገቤን ብለው መጡ፤ ሁለቴም የማስታገሻ ክኒን ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ጊዜ በር ተደግፈው ገቡና፣ «ልጄ፣ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። ሽንቴም እምቢ ብሎኛል። ሆስፒታል ጻፍልኝ» አሉኝ።

ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። ወንዙ ቢልሃርዚያ፣ በእግር ቆዳ የሚገባው ትል፣ እንዳለበት አውቃለሁ። የትሉ እንቁላል አልፎ አልፎ ኅብለ ሰረሰር ገብቶ እግር እንደሚያሽመደምድ፣ ሽንት እንደሚከለክልም ተምሬያለሁ። ታዲያ ሰገራቸውን እንዳላስመረምር ምን ያዘኝ? ወረፋው ረዝሞ ነበር፤ እሳቸውም ሰልችተውኝ ነበር። «ሸክም ይቀንሱ» ብዬ ሸኘኋቸው። ካርዳቸው ላይ «የወገብ ሕመም» ብቻ ጻፍኩ።

በሳምንቱ በቃሬዛ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ መርምሮ በሽታውን አገኘው፤ ትሉን የሚገድል፣ የኅብለ ሰረሰሩን እብጠት የሚቀንስም መድኃኒት ጀመረላቸው። ግን ዘግይቶ ነበር፤ እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀረ። ልጠይቃቸው ስሄድ ሐኪሙ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ፣ «ስለ እግራቸውና ስለ ሽንታቸው ነግረውህ ነበር?» አለኝ።

«አልነገሩኝም» አልኩ።

እትዬ ዘነቡ ቀና ብለው አዩኝ። «ነግሬህ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«ረስተው ይሆናል፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ረስቼ ይሆናላ» አሉ።

አለመመርመሬን ስንፍና እንበለው። ይሄኛውን ምን ልበለው? እግራቸውን ላጡ ሴት የገዛ ቃላቸውን እንዳያምኑ ያደረግኩ እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ለጠየቃቸው ሁሉ «ባለመናገሬ ነው» ሲሉ እየሰማሁ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ታካሚ፣ «እንደ እትዬ ዘነቡ ደብቄ እግሬን እንዳላጣ፣ ሁሉንም ልንገርዎት» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። መደብ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ነግረውኝ ነበር» አልኳቸው። «ሰምቼ ነበር። ዋሸሁ።»

እጃቸው ቆመ። «ታዲያ ጥፋቱ የኔ አልነበረማ» አሉና አለቀሱ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን አልከፈትኩም።