ጓሮ የተባለው የኦቦ ዳባ ደጅ

ጉዞው የተጀመረው በጋሼ ጥያቄ ነው። ጋሼ የምንላቸው የቴሌቪዥን ጣቢያችንን ትልቁን ድርሻ የያዙትን ሰው ነው፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ በሌላ ስም የሚጠራቸው የለም። «ከከተማ ወጣ ሲባል ማን ነው የሚያየን? ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ዞራችሁ ንገሩኝ» አሉ። የተላክነው ማስታወቂያ የሚሸጠው ሰለሞንና እኔ ነን። እሱ ሥራው ስለሆነ፣ እኔ ደግሞ ሰው ድምፄን ስለሚያውቀው።

ድምፄ የሚታወቀው በመልካም አይደለም። ጣቢያችን ማታ ማታ ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ ድራማ ያሳያል፤ እዚያ ውስጥ ምራቷን መቆሚያ መቀመጫ የምታሳጣው አማት የምትናገረው በእኔ ድምፅ ነው። የሴትዮዋን ከንፈር እያየሁ ስትከፍት እከፍታለሁ፣ ስትዘጋ እዘጋለሁ። ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ማስታወቂያ አነባለሁ።

ወቅቱ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ በኋላ ነው። ፕላኑ ቀረ እንጂ ነገሩ አልቀረም ነበር፤ አንድ ቀን መንገድ ይዘጋል፣ ሌላ ቀን ኢንተርኔት ይጠፋል። እህቴ «አሁን በዚህ ጊዜ ሰበታ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ሰበታ

ከአየር ጤና ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ መንገዱ አስጊ ነው ብሎ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ሁሉም ከፈለ። ዓለም ገናን እንዳለፍን አስፋልቱ ላይ ጎማ የተቃጠለባቸው ጥቁር ክቦች ይታዩ ጀመር። ሾፌሩ እንደ ጉድጓድ እየዞራቸው ይሄዳል። ነሐሴ ስለነበር ከፋብሪካዎቹ አጥር ውጭ ያለው ሁሉ ጭቃና አረንጓዴ ነው።

ከሰለሞን አጠገብ ለፈረቃ የሚሄድ የፋብሪካ ሠራተኛ ተቀምጧል። የየት መሆናችንን ሲሰማ፣

«ዲሹን አንዴ ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለእናንተ ሰባራ ሳንቲም ከፍዬ አላውቅም። በምን ትኖራላችሁ?» አለው።

«በአንተ» አለ ሰለሞን። «አንተ ስታየን እኛ ዓይንህን ለሳሙና አምራች እንሸጣለን። በሰከንድ ነው የምንሸጠው።»

ሰውዬው ትንሽ አሰበና «ባለቤቱ ሳይጠየቅ?» አለ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ።

ሰለሞን ሰው ካገኘ አይተውም፤ እስከ ሰበታ ድረስ አስተማረው። ለሳተላይቱ የምንከፍለው በዶላር ነው፤ የአንድ ወር ክፍያ ካለፈን ስክሪኑ ይጨልማል። ስለዚህ ከቀኑ ሰዓት ገሚሱን ከጣቢያው ውጭ ላሉ አዘጋጆች እንሸጣለን፤ እነሱ የፈለጉትን የጤናም የምግብም ፕሮግራም ይሠሩበታል። ድራማው ሰው ይሰበስባል፤ በድራማው መሀል የሚገባ ማስታወቂያ ደግሞ ከሁሉ ይወደዳል። ዜና አያበላም፤ ግን ያለ ዜና ጣቢያ ጣቢያ አይመስልም። ጋሼ ከጣቢያው ሌላ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት አላቸው፤ ስለዚህ አየር ላይ ባዶ ቦታ በተገኘ ቁጥር የሚገባው የእሳቸው የቤት ማስታወቂያ ነው። «ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ» አለ ሰለሞን፣ እየሳቀ።

ሰበታ ላይ ምሳ የበላነው ወይዘሮ አስካለ ከሚባሉ ሴት ምግብ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የእኛን ጣቢያ ያሳያል፤ ሰለሞን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ሽሯችንን ገና ስንጀምር የጋሼ ማስታወቂያ ገባ። አረንጓዴ መስክ፣ መሀሉ ላይ ብቻውን የቆመ ትልቅ የኮሶ ዛፍ። ከዚያ የኔ ድምፅ፦ «ሱሉልታ፤ የአዲስ አበባ ጓሮ! ንጹህ አየር፣ ሰፊ ግቢ...» ወይዘሮ አስካለ ቀና ሳይሉ ሪሞቱን አንስተው ድምፁን አጠፉት። ማስታወቂያው ሲያልቅ መልሰው ከፈቱት።

«ለምን አጠፉት?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ እቴ። ይቺ ስትመጣ ልጆቹ ይናደዳሉ። አንዱ በቀደም ለት ብርጭቆ ሊወረውርበት ነበር። ቴሌቪዥኑ ቢሰበር ማን ይተካልኛል?» አሉና አፍጥጠው አዩኝ። «ቆይ፣ አንቺ አማትየዋ አይደለሽም?»

ነኝ አልኩ። «በናትሽ ያቺን ልጅ ተያት!» ብለው ሽሮ ጨመሩልኝ። ብርጭቆው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቡራዩ

በማግስቱ በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባን። ዲሽ የሚተክል ሰው ብናገኝ ቤት ለቤት ከመዞር ይሻላል ብለን ጠየቅን፤ ቶሌራ የሚባል መሰላል የተሸከመ ጎልማሳ አገኘን። ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ አዲስ ቤት ጣራ ላይ ሲሠራ ከታች ሆነን አወራነው።

«የእናንተን እጭናለሁ፣ ሴቶቹ ድራማውን ይወዳሉ» አለ። «ከሳምንት በኋላ ባሎቹ ሰርዝልን ብለው ይደውላሉ።»

«ምን አጠፋን?» አለ ሰለሞን።

«ጓሮ ብላችሁናላ።»

ሰለሞን ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ እሱ። ጽሑፉን የጻፈው የእሱ ክፍል ነው፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሁለታችንም ያደግነው ጎመንና ጤና አዳም የሞላ ጓሮ ባለበት ቤት ነው። ለእኛ ቃሉ ሽታው እንኳ ደስ ይላል።

«ጓሮ ስድብ ነው እንዴ?» አልኩት።

ቶሌራ መፍቻውን ኪሱ ከትቶ ወረደ። «ስድብ አይደለም። ግን ጓሮ አንኳኩቶ የሚገባ አለ? አንኳኩተሽ ቤቶች ብለሽ የምትገቢው በደጅ ነው። ጓሮ የባለቤቱ ነው፤ ሲፈልግ ይቆፍረዋል፣ ሲፈልግ እጣቢ ይደፋበታል። እናንተ ጓሮ ያላችሁት ለእኛ ደጃችን ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አክስቴ ሱሉልታ ነው ያገባችው። እዚያ ምስሉ ላይ ያለው ኮሶ የኦቦ ዳባ ነው። ሽማግሌው መሬቱን ሸጠ ተብሎ ሰው አኩርፎታል። እሱን ብትጠይቁ ይሻላል» አለ።



ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ተነስተን የእንጦጦን ትከሻ ስንሻገር መስኮቱ በብርድ ላብ ተሸፈነ። ባህር ዛፉ ሲያልቅ የሱሉልታ ሜዳ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ሣር፣ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ጠልቀዋል። ኮሶውን ከመንገድ ላይ አየነው። ሰለሞን እውነቱን የነገረኝ እዚያ ነው፦ ቤቶቹ የሚሠሩት ከከተማው ወዲያ ነው፤ ነገር ግን ከጎኑ ከካባ ድንጋይ ይፈነቀላል፣ አቧራ ነው። ካሜራማኑ ሲመለስ ይህን ዛፍ አየ፣ አማረው፣ ከመኪና ሳይወርድ ቀረጸው።

አጥሩ ዘንድ ደርሰን «አካም ጅርቱ» ስንል የወጣችው ጫልቱ የምትባል የሽማግሌው ልጅ ነች። ሰላምታዬን ተቀብላ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገችና «አባዬ፣ አማትየዋ መጣች!» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «የዛፉንም ያወራሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

ኦቦ ዳባ ሰባ የሚጠጋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው። በርጩማ ሰጡን፣ እርጎ አስቀረቡልን፣ እስክንጠጣ ድረስ ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ። ሰለሞን አላስቻለውም።

«ኦቦ፣ ለመሆኑ አልሸጡም?»

«ምን ልሽጥ? አባቴ የተቀበረው እዚያ ማዶ ነው፤ እኔ የምቀበረውም እዚያው ነው። ቴሌቪዥን ግን ሸጧል አለ። የእድሩ ዳኛ እኔ ነበርኩ። አሁን ሳይነግሩኝ ይሰበሰባሉ።» ጽዋውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ደረስኩ። ከአግዳሚው አንድ ሰው ፈቀቅ አላለልኝም። ቆሜ ተመለስኩ።»

አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

«ምን እናድርግልዎ?» አልኳቸው።

«ስንት ጊዜ አሳያችሁ? ያን ያህል ጊዜ ዳባ አልሸጠም በሉልኝ። ያ ካልሆነ አንዴ።»

መሀል ከተማ

ጋሼ ጨካኝ ሰው አይደሉም። ቢሯቸው ገብተን ስንነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙን። ማስተካከያ ይነገር ያልነውን ግን አልወደዱትም። «ማስተካከያ ማለት ያሳየሁት መሬት የኔ አይደለም ማለት ነው። ነገ ቤት የገዛው ሁሉ በር ላይ ይሰለፋል። ያን ጊዜ ቤቱም የለም፣ ጣቢያውም የለም፣ እናንተም የላችሁም» አሉ። ወዲያው ስልክ አንስተው ማስታወቂያው እንዲወርድ አዘዙ። በዚያው ማታ ወረደ። በቦታው የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። ሰለሞን «ተገላገልን» አለ፤ እኔም ተገላገልን አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ስንለያይ ስልኬን የሰጠኋት ጫልቱ ደወለች። ማልቀሷ ያስታውቃል።

«ባሰ እኮ። መሬቱ ስለተሸጠ ነው ማስታወቂያው የቆመው ይላሉ። ዕቃህ ከተሸጠ በኋላ ማስታወቂያ ታስነግራለህ እንዴ እያሉ ነው።»

ልክ ናቸው፤ የእኛም ሥራ እንደዚያው ነው። የተሸጠ ነገር አየር ላይ አይቆይም። በጣቢያ ቤት ማውረድ ማለት ማረም ይመስለን ነበር፤ ለተመልካቹ ግን ማውረድ ራሱ አንድ ወሬ ነው። «እድሩ መቼ ነው የሚሰበሰበው?» አልኳት። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አለችኝ። «እንግዲያው በኦሮምኛ የምለውን አስጠኚኝ።»

በስልክ አስጠናችኝ። ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ቃል መክተት የለመድኩት ነው፤ የሌላ ሰው ቃል በራሴ አፍ ሲገባ ግን ምላሴ ተንተባተበ።

እንደገና ሱሉልታ

ሰለሞን አልመጣም። «ጋሼ ቢሰሙ ነገ ሥራ የለሽም» አለኝ፤ እንዳይሰሙ አድርግ አልኩት። እሑድ ጠዋት መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ሚኒባሱ ከከተማው መግቢያ በፊት አራገፈን። የቀረውን ከገበያተኞች ጋር በእግር ሄድኩ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ ደረስኩ።

እድርተኛው ከአጥሩ ሥር በቆርቆሮ ጥላው ውስጥ ተቀምጧል። ኦቦ ዳባ ራቅ ብለው፣ ጫልቱን አስከትለው ቆመዋል፤ የጠራቸው የለም። ሰብሳቢው ማን ነሽ፣ ምን ፈልገሽ ነው አሉኝ። የማስታወቂያዋ ድምፅ እኔ ነኝ አልኩ። ጉርምርምታው ጋብ እስኪል ጠበቅሁና በጫልቱ ቃል ተናገርኩ፦

«ዳባን ለፈ ኢሳ ህን ጉርጉሬ።» ዳባ መሬቱን አልሸጠም ማለት ነው።

ከዚያ በአማርኛ ቀጠልኩ፤ ዛፉን ከመንገድ ላይ የቀረጸው የእኛ ሰው እንደሆነ፣ ማንንም እንዳልጠየቀ፣ ቤቱም እዚያ እንደማይሠራ ነገርኳቸው። ከኋላ አንዲት ባልቴት «ድምፅዋማ የዚያች አማት ነው። ያቺ ሴትዮ መቼ እውነት ተናግራ ታውቃለች?» አሉ። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«እናቴ፣ አማትየዋ የተጻፈላትን ነው የምትለው» አልኳቸው። «ይህን የጻፈልኝ የለም። የከፈለኝም የለም።»

ሰብሳቢው ቀና ብለው አዩኝ። «ይህ በቴሌቪዥን ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«ታዲያ ለእኛ ብቻ ነው የነገርሽን?»

«ለእናንተ ብቻ ነው።»

ሰብሳቢው ከአግዳሚው ላይ ፈቀቅ አሉና ባዶውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ አደረጉት። «ኮቱ፣ ዳባ» አሉ፤ ና ማለታቸው ነው። ኦቦ ዳባ ሄደው ተቀመጡ። ሁሉም ፈቀቅ አላለም፤ ከዳር ያሉ ሁለት ሰዎች ተነስተው ወጥተዋል።

ኦቦ ዳባ ሲሸኙኝ በቴሌቪዥን ስላላስነገርኩላቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በመንገዱ ላይ ወዳለው ድንጋይ እያዩ፣

«ቴሌቪዥኑ አይቀብረኝም፣ ልጄ» አሉ። «የሚቀብሩኝ እነዚህ ናቸው።»

ቤቴ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ ለጋሼ የተላክሁበትን ነገር አቀረብኩ፦ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ያዩናል። ደስ አላቸው። ስንት ናቸው ብለው ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኩ። እኛ ያዩንን ስንሸጥ የምንቆጥረው ዓይን ነው። ኦቦ ዳባ የሚቆጥሩት ሬሳቸውን የሚሸከመውን ትከሻ ነው፤ ያንን ደግሞ በየስሙ ያውቁታል።